ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ

አንድ ሕፃን አጣዳፊ ተቅማጥ ይዞት ክሊኒካችን ከመጣ በዚያው ቀን ለዞኑ ማሳወቅ ግዴታችን ነበር። ማጅራት ገትር ያጠራጠረን እንደሆነማ ምሳ ሳይበላ ነበር የሚሮጠው። ያሳወቀ ይመሰገናል፣ የዘገየ ይገሠጻል። ጀርባው በአለንጋ ተተልትሎ የመጣን ልጅ ግን ለማን እንደምንናገር የነገረን ሰው አልነበረም። ነርስነት ስማር ስለ ቁስል አጠባበቅ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ቁስሉን ስላደረሰው ሰው አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው አርባ ምንጭ የተመደብኩት። ወሎ ደጋ ተወልጄ ስላደግሁ ሙቀቱ መጀመሪያ ላይ ሊገድለኝ ነበር። ላይኛው ከተማ ሴቻ ቤት ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሲቀላ እወርዳለሁ፤ ክሊኒኩ ከገበያው አጠገብ ነበር። ሥራችን በአብዛኛው ወባ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ከደጋ የወረዱት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንን የመሰለ ፀሐይ ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ሁሉም «ሲስተር» ነበር የሚለኝ። ስሜን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ልጁም የመጣው በወባ ነው። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በዕድሜ ከፍ ያለ አንድ ተማሪ እጁን ይዞ አምጥቶት፣ «የየኔታ ተማሪ ነው» ብሎኝ ተመለሰ። በሲቀላ ዳርቻ ከጋሞ ደጋ የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ ፊደልና ዳዊት የሚማሩበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። መምህሩን ከተማው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ነበር የማልፈው።

ትንፋሹን ለማዳመጥ ሸሚዙን ስገልጠው ልጁ ትከሻውን ሰበሰበ። ጀርባው ላይ የደረቀ ግርፋት አለ፤ በደረቀው ላይ ደግሞ ገና ያልደረቀ ተጋድሟል። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን ተልጦ ጠቁሯል። እንዲህ ያለ እግር የማውቀው ተማሪ ሳለሁ ወህኒ ቤት ለልምምድ በሄድንበት ጊዜ ነው፤ እግር ብረት ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ወደቅሁ።»

«ጀርባህስ?»

«ወደቅሁ።»

«እግርህስ?»

እግሩን አልጋው ሥር ደበቀ። አማርኛው ገና ነው፤ አብዛኛውን የለቀመው ከየኔታ ቁጣ ነው መሰለኝ። ክኒኑን በውሃ አውጬው ጀርባውን እያጠብኩለት ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ «ዳዊት ስቼ ነው» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ወደ ቤት ሮጬም ነበር። ያዙኝ» አለ። ቀስ ብዬ አጠብኩት፤ እሱም አንዴም «ኧህ» አላለም።

የክሊኒካችን ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ልጄ፣ አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ። የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። እኛ ወባ ነው የምናክመው።»

«ተቅማጥ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መኪና ይላክ አልነበረም?»

«ተቅማጥ ይተላለፋላ» አሉኝ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን ያን ቀን ልጁ ተኝቶ እንዲታከም ፈቀዱልኝና ሻይ ላኩለት። በማግሥቱ ትኩሳቱ ሲለቀው የኔታ ሰው ልከው ወሰዱት።

እኔም ገዋኔን ሳላወልቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው መቶ አለቃ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፣ «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለኝ።

«ምኑም አይደለሁም። ነርስ ነኝ። ቁስሉን ያየሁት እኔ ነኝ።»

«እናቱ አይደለሽም፣ አክስቱ አይደለሽም። ታዲያ ከሳሹ ማን ይባል? እህቴ፣ መምህር ተማሪ ቀጣ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብገባ አገር ነው የሚነሣብኝ። አባት አለው አይደል? አባቱ መጥቶ ይክሰስ፤ ያኔ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።»

ሰውየው የምሩን ይመስል ነበር። ዞን ድረስም ሄጄ ሞከርኩ፤ «በሃይማኖት ጉዳይ አንገባም» ብለው በትሕትና አሰናበቱኝ። የቀረኝ አባትየው ብቻ ነበር።

አባትየው፣ ልጁ እንደነገረኝ፣ ዶርዜ ነው፣ ሸማኔ። በእረፍት ቀኔ አይሱዙ ላይ ተጭኜ፣ ደመናው ውስጥ ገብቼ፣ እያጠያየቅሁ ደረስኩበት። ከቀርከሃ ከተሠራው ረጅም ጎጆ ደጃፍ፣ እግሮቹን የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ድሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ዙሪያው እንሰት ነው፤ ብርዱ የአገሬን አስታወሰኝ። ከክሊኒክ መምጣቴን ስነግረው መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ።

«ሞተ?» አለኝ።

«አልሞተም። ወባ ይዞት ነበር፣ ድኗል።»

ተነፈሰ፤ አስቀመጠኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት። ጀርባውን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ሮጦ መያዙን አንድም ሳላስቀር። ሲሰማ ቆይቶ እንዲህ አለኝ።

«ሲስተር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ።» ሴትና ወንድ እየለየ አማርኛ የሚናገርበት ጊዜ አልነበረውም። «ልጁ ሕፃን ሆኖ ታሞ ነበር። ሊሞት ነበር። ወንድሞቹ ሞቷል። እኔ ተሳልኩ፤ ‹ይሄ ከተረፈ የቤተ ክርስቲያን ነው› አልኩ። ተረፈ። ሲያድግ ወሰድኩ፣ ርጥብ ሣር በእጄ ይዤ ለየኔታ ሰጠሁ። ‹ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ፣ ሌላው የርስዎ ነው› አልኩ።»

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። የእኔም አባት ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ለመምህሬ ብሎታል፤ የማይለው አባት የለም። ይባላል፣ መምህሩም ይስቃል፣ ልጁም ትንሽ ይፈራል፣ በዚያው ይረሳል። እንደ ውል የሚይዘው ሰው ይኖራል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። ይህ ሰው ግን ርጥብ ሣር ይዞ ነው የተናገረው። በጋሞ ደጋ ርጥብ ሣር ተይዞ የወጣ ቃል አይታጠፍም፤ ያጠፈው ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይላሉ። ጎሜ የተከለከለውን በጣሰ ሰው ላይ የሚመጣ መዓት ነው፤ በራሱ ካልመጣ በከብቱ፣ በከብቱ ካልመጣ በልጁ ይመጣል።

«ለምን ዓይኑን ብቻ?» አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ድሩን በጣቱ አሳየኝ። «ሸማኔ ያለ ዓይን ምን ይሠራል?»

ለመንኩት። ታቦቱን ሁሉ እየጠራሁ ለመንኩት። በመጨረሻ ማየቱ ግድ ነው አለና በሳምንቱ ወረደ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። አልተቆጡም። «ልጅን መቅጣት ፍቅር ነው፤ አባቱ መርቆ የሰጠኝ ልጅ ነው» አሉና ልጁን አስጠሩት። አባትየው ሸሚዙን ገለጠ። ጀርባውን ሲያይ በመዳፉ ሊነካው ፈልጎ ሳይነካው ቀረ። እኔ አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የልጁን አገጭ ይዞ ፊቱን ወደ ፀሐዩ አዞረ፤ መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቆቡን ወደ ላይ እየሳበ መረመረ።

«ዓይኑ ደህና ነው» አለ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባትየው ወደ እኔ ዞረ። «ዓይኑን ነክቶ ቢሆን፣ ሲስተር፣ ዛሬ እወስደው ነበር። ቃሉን ያፈረሰ እሱ ይሆን ነበር። ጎሜው ወደ እሱ ይሄድ ነበር።» ይህንኑ በጋሞኛ ለልጁ ደገመለት። ይህንኑ መሆኑን ያወቅሁት አባትየው ሲናገር ጣቱን ወደ ዓይኑ ስላነሣ ነው። ልጁ አባቱን ትኩር ብሎ አየው፤ ሸሚዙን ወደ ታች ጎትቶ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

ፖሊስ ጣቢያ በግድ ወሰድኩት። «ክስ የለኝም» አለ። መቶ አለቃው አየሽ በሚል ዓይን አየኝ።

በሩ ላይ ጮኽኩበት። አባት ነህ ወይ፣ ከድንጋይ ነው ወይ የተሠራኸው፣ ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም፤ «እርስዎ» ማለቱንም ረስቼዋለሁ። ሰው ቆሞ ያየናል። አባትየው ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል።

«ሲስተር፣ አንተ ልጅ አልወለድክም። ጀርባ ይድናል። እኔ ስለት ካፈረስኩ ልጁ ይሞታል። የቱ ይሻላል? አንተ ንገረኝ።»

እሱ የሚወደውን ልጅ ከሞት ለማትረፍ ነበር እዚያ ትቶት የሄደው።

የማሳወቄ ውጤት ወዲያው ታየ፤ ከዚያ ግቢ ወደ ክሊኒካችን የሚመጣ ልጅ ጠፋ። የኔታ ከልክለዋል። ወባው በጠናበት ወር እንኳ አንድም ተማሪ አልመጣም። ታመው ምን እንደሚያደርጓቸው እግዜር ይወቀው። ኃላፊያችን «አላልኩሽም?» አላሉኝም፤ ባይሉኝም ፊታቸው ላይ አነበው ነበር። ከሥራ ስወጣ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል መዞር አመል ሆነብኝ። ልጆቹ በአንድነት እየጮኹ ያነባሉ፤ እኔ ከውጭ ቆሜ የእሱን ድምፅ ለመለየት እሞክራለሁ፤ አይለይም። አንዳንዴ ንባቡ በድንገት ይቋረጥና ግቢው ጭጭ ይላል። ያኔ ጆሮዬን ይዤ እሮጣለሁ። ምግብ አስጠላኝ። ወረርሽኝ የመጣ እንደሆነ የት እንደምደውል አውቃለሁ፤ ለዚህ የምደውልበት ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም። ተስፋ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጠዋት የሰልፉ መሐል ጫጫታ ተሰማ። አባትየው ነው፤ ልጁን በክንዱ ይዞታል፤ ከኋላ የኔታ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ይከተላሉ። የልጁ ቀኝ ዓይን ተጨፍኗል። የኔታ እንዳሉት ዓይኑ ከተጨፈነ ሰንብቷል፤ ቢመቱትም፣ ቢያባብሉትም፣ «አላይበትም» ከማለት በቀር አልመለሰም። ወሬው ደጋ ድረስ ወጥቶ አባትየው የያዘውን ሥራ ጥሎ ወርዷል።

«ሲስተር፣ አንተ እይ» አለኝ። «አንተ አትዋሽም።»

የኔታ ቀደም ብለው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ዓይኑን አልነካሁም» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ልጁን ከመጋረጃው ኋላ ወሰድኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ቆቡን በአውራ ጣቴ ለመክፈት ስሞክር ጭምቅ አድርጎ ያዘው፤ ፊቱ በላብ ተጠመቀ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ቀስ እያለ ለቀቀው። ባትሪዬን አበራሁበት። ዓይኑ ንጹሕ ነው። ጠባሳ የለው፣ ቅላት የለው፣ ብሌኑ ብርሃኑን ሲያገኝ ጠበብ አለ። በዚያ ጤነኛ ዓይን ቀጥ ብሎ አየኝ። አልለመነኝም፤ የገዋኔን ጫፍ ብቻ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። አባቱ ማንጎው ሥር ያለውን አስታወስኩ፤ ጣቱን ወደ ዓይኑ ሲያነሣ። እኔ ይህን ሁሉ ቢሮ ዞሬ ያላገኘሁትን በር ይህ ሕፃን በዚያች ቅጽበት አግኝቶታል።

ቆቡን መልሼ በጣቴ ዘጋሁለትና መጋረጃውን ገለጥኩ።

«ዓይኑ ጠፍቷል» አልኩ። «ከውስጥ ነው፤ ነርቩ ነው። መድኃኒት የለውም።»

የኔታ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «አልነካሁም! በመስቀሉ!» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እውነታቸውን መሆኑን የማውቀው እኔና ልጁ ብቻ ነን። አላሳዘኑኝም። ዛሬም አያሳዝኑኝም።

አባትየው ወጥቶ ከክሊኒኩ ግቢ ሣር ነጨ፤ ተመልሶ የየኔታ እግር ሥር ጣለው፤ ቃሉ መፍረሱ ነው። በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ልጁን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሳመው፤ የተጨፈነውን ዓይን ደጋግሞ ሳመው፤ እየሳመም ጮኾ አለቀሰ። ልጁ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያየኝ ነበር። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ይህ ነው ብዬ ልቤ ሊሞቅ ሲል አባትየው ወደ እኔ ዞረ።

«ሲስተር፣ አሁን ፖሊስ እንሂድ። አሁን እከሳለሁ።»

ያ ስለምነው የኖርኩት ቃል ነው፤ ለዚህ ቃል ደጋ ወጥቻለሁ፣ በሰው ፊት ጮኼያለሁ። ከሳሽ ተገኘ፤ መቶ አለቃውም ቃል ገብቶልኛል። ግን ፖሊስ ልጁን ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ ሐኪም ባትሪውን አብርቶ እኔ ያየሁትን ያያል። የኔታ ነጻ ይሆናሉ፣ ልጁም ይመለሳል። ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርጉት ማሰብ እንኳ አልቻልኩም።

«ይቅር» አልኩ።

«ምን?»

«ክሱ ይቅር። ልጁን ይዘው ወደ ቤት ይሂዱ።»

«አንተ አይደለህ ክሰስ ያልከው?»

«እኔ ነኝ። አሁን ግን ይቅር፣ አባት። ዛሬውኑ ይውሰዱት። ስለ እግዚአብሔር።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ ልጁን እንዳቀፈ ወጣ። የኔታ ሣሩን በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ልጆቹ እንደ ወትሮው ያነቡ ነበር። አንዱን በውሸት አወጣሁት፤ የቀሩትን በእውነት የማወጣበት መንገድ በዚያው ውሸት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ግቢ አፌን ብከፍት ማን ይሰማኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዓይኑ ነው የሚሆነው።

ዓመታት አለፉ። ወደ ሌላ ከተማ ልዛወር ስል፣ ሳልሰናበታቸው ብሄድ ደስ አልለኝ ብሎ ዶርዜ ወጣሁ። አባትየው አርጅቷል፤ ሲያየኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አሁን የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ልጁ ነው። ቁመቱ ተመዟል፤ ጢም ሊያቆጠቁጥ ነው። ቀኝ ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ቆቡ ዙሪያ ያለው ቆዳ እንደ ሽማግሌ ተጨማዷል። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ማለት ለምዷል።

«እይ፣ ሲስተር፣ እይ ጥለቱን!» አለኝ አባትየው፤ ነጠላውን እያነሣ። «በአንድ ዓይኑ ነው! ገበያ ላይ ‹የዚያ አንድ ዓይና ሥራ› ብለው ይሻሙበታል።»

ጥለቱ እውነትም ስሕተት አልነበረበትም። አመሰገንኩ። አባትየው እንግዳ ባዶ አፉን አይሄድም ብሎ ቦርዴ የሚሉትን የአገሩን ጠላ ሊያመጣ ወደ ጎረቤት ወጣ።

ሁለታችን ቀረን። ልጁ የአባቱ እርምጃ ከእንሰቱ ወዲያ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን ከፈተው፤ ተርገበገበ፣ እንባ ሞላው፣ ቀስ በቀስ ረጋ። በሁለት ዓይኑ አየኝ። እንደዚያ ያለ መልከ መልካም ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ ገና አወቅሁ።

«ንገረው» አልኩት። «አባትህ ነው፣ ይወድሃል። አሁን ትልቅ ሰው ነህ፤ ንገረው።»

«ሲስተር፣ የኔታ አሉ?» አለኝ።

ልዋሽ ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ዋሽቼለት የለ፣ አሁን ምን አለበት አልኩ በልቤ። ግን ዓይኖቹ ፊቴ ላይ ነበሩ፣ ሁለቱም።

«አሉ» አልኩት። «እዚያው ናቸው። ያስተምራሉ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ዓይኔ ደህና ከሆነ ቃሉም አለ» አለኝ። ከእንሰቱ ወዲያ የአባቱ ድምፅ ሲቀርብ ዓይኑን መልሶ ጨፈነና መወርወሪያውን አነሣ።